ለአንድ መርፌ የተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ማለት፣ በገዛ ቤቱ ማንም የማይሰማው፣ በሰው ቤት ግን ቆሞ ሲናገር ሁሉም የሚያደምጠው ሰው ነው። ዕድሜ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ኮት ግን ግዴታ ነው። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። አንድ ከሆነ እንግዳ ይባላል፣ ሁለት ከሆኑ ሊጠይቁን መጡ ይባላል፣ ሦስት ሆነው በር ላይ ሲቆሙ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ሰሞኑን ያጠፋውን ማሰብ ይጀምራል። ሽማግሌ የሚታወቀው በሚያደርገው ሳይሆን በማያደርገው ነው፦ ተቀመጥ ሲሉት አይቀመጥም፣ ብላ ሲሉት አይበላም፣ ጠጣ ሲሉት አይጠጣም፤ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ድረስ እንደ ቆመ ይቆያል። ሌላው ዓለም ለመደራደር ጠረጴዛ ፈልጎ ይቀመጣል። እኛ ወንበር እየቀረበልን ቆመን እንደራደራለን። በዚህ ምክንያት ከሦስቱ አንዱ ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ ድርድሩ ቶሎ ያልቃል።

ሲያትልና ዙሪያዋ ያለን ሰዎች ከልማዳችን ብዙውን ጥለናል፤ ይህን ግን አልጣልነውም። ለጋብቻ ሽማግሌ እንልካለን። ለተጣላ ባልና ሚስት እንልካለን። ከማኅበር ሊቀመንበርነት አልወርድም ላለ ሰውም ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል፤ ሰውየው አልወረደም፣ ምሳው ግን ጥሩ ነበር ይባላል። ለክትባት ሽማግሌ መላክ ግን እስከ ባለፈው የካቲት ድረስ አልተሰማም። ብሰማም ኖሮ የሰው ወሬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ችግሩ እኔ አልሰማሁትም፤ ነበርኩበት። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ላኪዋ ሰናይት ናት። እሷና ባሏ ተስፋዬ ማውንትሌክ ቴራስ ይኖራሉ። እሱ ኦበርን አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ እሷ ካፒቶል ሂል አንድ ሆቴል ውስጥ የቁርሱን ክፍል ታስተዳድራለች። መንገዱን ለማታውቁት፣ የእሱ ሥራ ከከተማው በስተደቡብ፣ የእሷ መሃል፣ ቤታቸው ደግሞ በስተሰሜን ነው፤ ስለዚህ ትዳራቸው በአብዛኛው የሚካሄደው መኪና ውስጥ ሆነው በስልክ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ናታን አሥራ አምስት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ ሊዲያ አሥራ ሁለት ሞልቷታል። እኔ የሠርጋቸው ሚዜ ነበርኩ። ሚዜነት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። አያልቅም። ማቀዝቀዣ እንኳ ሲገዛ የዋስትናው ጊዜ ገደብ አለው፤ ሚዜ የለውም። እኔ ራሴ ሚስትም ልጅም የለኝም፤ የሰው ትዳር ማስታረቅ የሚቀናኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ክትባቱ የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ስናገር ፊታቸውን ወደ መስኮት የሚያዞሩ ሰዎች አውቃለሁ። ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ አለ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ አሁን ወደ መስኮቱ ማየት ትችላላችሁ። በጣም የተለመደ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ ውስጥ ሳያውቀው ያገኘዋል፤ አብዛኛው ሰው ላይም ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ይሄዳል። አንዳንዱ ላይ ግን አይሄድም። ተቀምጦ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ካንሰር ይሆናል፤ ሴት ላይ በማህፀን በር፣ ወንድም ሴትም ላይ በጉሮሮና በሌሎች ቦታዎች። ክትባቱ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ቫይረሱ ከመድረሱ አስቀድሞ ሲሰጥ ነው። ለዚህ ነው ለልጆች የሚሰጠው፤ ለሴቶቹም ለወንዶቹም። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ለጀመረ ልጅ ሁለት መርፌ ይበቃዋል፤ ካለፈ ሦስት ይሆናል። ይኸው ነው። መስኮቱን ተዉት።

የልጆቹ ሐኪም ይህን የነገረቻቸው ዘንድሮ አይደለም። ሰናይት ያኔውኑ ተቀበለች። ተስፋዬም ተቀበለ። ተስፋዬ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነው። «እሺ፣ እናያለን» ይላል። ሰናይት ስትጠይቀው እሺ ይላል፣ ሐኪሟ ስትጠይቀው እሺ ይላል፣ ከክሊኒኩ ቴክስት ሲመጣ አንብቦ «እሺ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል። እምቢ የሚል ሰው ቢሆን ይከራከሩታል። እሺ የሚል ሰው ግን እንደ ለስላሳ ትራስ ነው፤ ብትገፉት ይገባል፣ ስትተዉት ይመለሳል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሰናይት ኮል አደረገችልኝ።

«ሚዜው፣ ክላስ ላይ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሶ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«ለማን?»

«ለባሌ።»

ደነገጥኩ። «ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ምንም! ትናንት እንኳ ሲኒማ ገብተናል። ለመርፌው ነው። ሁሉንም ነገር እሺ አለኝ። ከእሺ በላይ ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ።»

«እሺ ካለ ታዲያ ሽማግሌ ምን ሊለው ይሄዳል?»

«ወይ እምቢ ይበለኝና ቁርጤን ልወቅ፣ ወይ ልጆቹን ይዘን እንሂድ። ናታን ሊሞላው ነው።»

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ አቋራጭ መንገድ ፈለግሁ። በዚህ አገር የአንድ ወላጅ ፈቃድ እንደሚበቃ፣ ራሷ ይዛቸው ብትሄድ ማንም እንደማይከለክላት ነገርኳት። ከኋላዋ የሆቴሉ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«አውቃለሁ ይበቃል» አለች። «ከአባቱ ደብቄ የወሰድኩት ልጅ ግን ነውር ነገር የተወጋ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ነውር እንዳይመስለው ነው የምፈልገው። ዘውዴን ታስታውሳት የለ?»

አስታውሳታለሁ። ዘውዴ የሰናይት ታላቅ እህት ነበረች፤ ደሴ ነበር የምትኖረው። በማህፀን በር ካንሰር ነው የሞተችው። ሰናይት አልጋዋ አጠገብ ደርሳ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ስለዚህ «ኮቴን አስተኩሳለሁ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

የቀሩትን ሁለቱን የመረጠችው ራሷ ናት፣ ምርጫዋም የዋዛ አልነበረም። አንደኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ የትንሽ ግሮሰሪ ባለቤት። ተስፋዬ የደሴ ልጅ ነው፤ እዚህ አገር ሲገባ መጀመሪያ ሥራ የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም ሲያያቸው ሳይታወቀው የሸሚዙን ቁልፍ ይዘጋል። ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ የጉራጌ ሰው፣ ባልና ሚስቱ በሚሄዱበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚከበሩ አባት። ድምፃቸው ማይክራፎን አይፈልግም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ዓርብ ዕለት በሐጂ ግሮሰሪ የበርበሬና የምስር ከረጢት መሃል ቆመን ተዘጋጀን። ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣው ጥያቄ ማን ይናገር የሚል ነበር። ሁለቱም አንጋፋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ባለፉት ዓመታት እነሱ ያስታረቁትን ሰው ብትሰበስቡት አዳራሽ ይሞላል። ሆኖም ሁለቱም ድንገት ትሑት ሆኑ።

«እርስዎ ይቅደሙ ሐጂ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ኧረ እርስዎ። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም ወይ?»

«የእርስዎ አገር ልጅ ነው እንጂ።»

ነገሩ ገባኝ። «ማህፀን» የሚለውን ቃል ማን በአደባባይ ይጥራ ነው ጉዳዩ። በመጨረሻ ሁለቱም ዞረው እኔን ተመለከቱኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ» አሉ ሐጂ።

«እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው።»

«ያው ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ጉዳዩም ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት በዚያ የማያረጥብ በሚመስል፣ ግን በሚያረጥብ ዝናብ ውስጥ የተስፋዬን በር አንኳኳን። ተስፋዬ በቱታ ሱሪ ሆኖ ከፈተ፤ ሦስት ኮት አየ፤ በሩን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ከኋላው የዶሮ ወጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ማንም ሰው በተራ ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ አይሠራም፤ ይህን ማስተዋል ይገባው ነበር። ዶሮዋን የሸጡላት ሐጂ ሰይድ ስለሆኑ፣ እሳቸው የሚቀርብላቸውን ምሳ አርደው አስረክበው ነው የመጡት። ሰናይት ከጓዳ ብቅ ብላ «ውይ! ምነው በደህና?» አለች። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሲኒማ መግባት ብቻ ሳይሆን መሥራትም ትችላለች።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ተስፋዬ።

ገባን። አልተቀመጥንም።

«ሐጂ፣ ይቀመጡ እንጂ። ጋሽ ወልዴ፣ ምነው፣ ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴ ይቆያል» አሉ ጋሽ ወልዴ በዚያ ድምፃቸው። «የመጣንበትን ሳትፈጽምልን አንቀመጥም።»

ተስፋዬ አንድ በአንድ አየን። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ራሱን ነቀነቀ። «ገብቶኛል። የላካችሁ በየነ ነው።»

በየነ የተስፋዬ የድሮ ጓደኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያው አስተናባሪ ሆኖ ሲያገለግል፣ ተስፋዬ መንገድ ዘግቶ ፓርክ ያደረገውን መኪና አስጎትቶ ታው ያስደረገ ጊዜ ተኳርፈዋል። እኛ ስለ በየነ አንድም ሐሳብ አልነበረንም። ግን ልምድ ያለው ሽማግሌ የመጣ በረከት አይመልስም፤ ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ትልቅ ነገር ነው።

«እሱ ራሱ ቢመጣ ደስ ባለኝ» አለ ተስፋዬ። «ለእናንተ ስል ግን ይቅር ብዬዋለሁ። ነገ እኔው እደውልለታለሁ። በቃ፣ አሁን ተቀመጡልኝ።»

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ ከልባቸው። «አላህ ኸይሩን ይስጥህ፣ ልጄ። ይኸ መልካም ነው። እኛ ግን የመጣነው በሌላ ጉዳይ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፎቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «የናታን ጉዳይ ነው!» አሉ።

ደረጃው ላይ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። ናታን ነበር። ባለፈው በጋ የአክስቱ ልጅ የታጨችው በዚሁ ሳሎን ነው፤ ሦስት ኮት የለበሱ ሰዎች ቆመው የአንድ ሰው ስም ሲጠሩ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ልጁ በዓይኑ አይቷል። ፊቱ ገርጥቶ ወረደ።

«ማሚ! አይ አም ፎርቲን!»

«ኮንግራቹሌሽንስ!» አለች ሊዲያ ከላይ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ በሳቅ እየተንከተከተች።

«ማንም አይድርህም። ውረድና ሰላም በል» አለች ሰናይት። ልጁ ትከሻ በትከሻ ሰላም አለን።

እንግዲህ ተራው የእኔ ሆነ። ተናገርኩ። ቃሉን ጠራሁት። ሐጂ ወደ ጣራው አዩ፣ ጋሽ ወልዴ ጫማቸውን መረመሩ፣ ሰማዩ ግን አልወደቀም። ስለ ቫይረሱ፣ ስለ ሁለቱ መርፌ፣ ስለ ቀረው ጊዜ አስረዳሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር ብዬ አስባለሁ። ተስፋዬ በትዕግሥት ጨርሶ ሰማኝና፦

«እኔ እኮ እሺ ብያለሁ» አለ።

«ለሊዲያ?»

«ለሊዲያ እሺ ብያለሁ።»

«ለናታንስ?»

«እሺ ብያለሁ።»

«መቼ?»

«እናያለን።»

«እኛ ቆመን እያየን ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ክብደታቸውን ከግራ ጉልበታቸው ወደ ቀኙ እያዛወሩ።

ያን ጊዜ ተስፋዬ ፈነዳ። ጨዋ ሰው ሲፈነዳ ድምፁ አይጨምርም፤ ይፈጥናል ብቻ። «እሺ እውነቱን ልናገር። ሴቷስ ይሁን። ወንድ ልጅ ምን ማህፀን አለውና ነው የማህፀን ክትባት የሚወጋው? አገር ቤት እንኳ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጡት ለሴቶቹ ነው። ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ፣ ምሳ ስንበላ አንሥቼው ነበር፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ ባዩኝ ቁጥር ልጅህ ወለደ ወይ ይሉኛል።»

ለካስ ተስፋዬም የራሱ ሽማግሌዎች ነበሩት። ኦበርን ማይክሮዌቭ ዙሪያ የሚሰየም ሸንጎ፣ ሳንድዊቹ እስኪሞቅ ፍርዱን የሚጨርስ። እኛ ኮት ለብሰን ከመጣነው ይልቅ እነሱ ቢሰሙት አያስደንቅም፤ በየቀኑ የሚያያቸው እነሱን ነው። ቫይረሱ ወንድ ሴት እንደማይለይ፣ ወንዱንም እንደሚጎዳ ደግሜ ላስረዳ ስጀምር ሰናይት ከጓዳው በር ሆና አቋረጠችኝ። ደንቡን ካሰብነው መናገር የለባትም፤ ምንም አታውቅማ።

«ተስፍሽ፣ ዘውዴ ስንት ባል አገባች?»

ተስፋዬ ወደ እሷ ዞረ።

«አንድ» አለ ተስፋዬ በቀስታ።

«አንድ። ከእሱ በፊት የእንግዳ እጅ ሳትጨብጥ ያደገች ልጅ ናት። ሶ ከየት አመጣችው? ከቤቷ ነው ያገኘችው። ከባሏ። እሱ ጤነኛ ነው፣ ሌላ አግብቶ ይኖራል፣ አሁንም በዓል ሲመጣ ሰላምታ ይልክልሃል።»

«ሰናይት፣ እሱን ጥፋተኛ ልታደርጊው...»

«አላደርገውም። ምን አጠፋ? እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች። ያኔ መርፌው አልነበረም። አገር ቤት ለሴቶቹ ብቻ የሚሰጡትም ወንዱ ስለማይነካው አይደለም፤ ያለውን ሲያከፋፍሉ፣ ቀድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። እዚህ ግን ለሁለቱም አለ።» ወደ ናታን ዞረች። ልጁ እናቱን እንዲህ ስትናገር ሰምቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ይታያል። «ይኼ ልጅ አንድ ቀን የሰው ልጅ ያገባል። እኔ የዚያችን ልጅ እናት አላውቃትም። ግን ልጅቷም እህት ይኖራታል።»

ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ተቀመጡ።

የዚህን ትልቅነት እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሐጂ በሽምግልና ታሪካቸው ጉዳይ ሳያልቅ ተቀምጠው አያውቁም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ወልዴም አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ለእሳቸው ምክንያቱ ጉልበታቸውም ሊሆን ይችላል፣ ግን ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ብቻውን የቆመ ሽማግሌ አስተናጋጅ ነው የሚመስለው፤ እኔም ተቀመጥኩ። ጉዳያችን ሳይፈጸም፣ በግልጽ ተሸንፈን፣ በሰው ሶፋ ላይ ሦስት ሆነን።

ተስፋዬ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «ናታን፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ልጁ በእንግሊዝኛ ነው የመለሰው። እኔ እንዲህ እተረጉመዋለሁ፦ «ጓደኞቼ ሁሉም ተከትበዋል፣ አባዬ። መርፌ ነው እኮ። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም።» ከዚያ በአማርኛ ጨመረ፦ «ሰው ሊድሩኝ መስሎኝ ነበር። መርፌው ይሻላል።»

ተስፋዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አቀረቀረ፣ ከዚያ ለሚስቱ «ሳትነግሪኝ ኖረሻል» አላት። «ሳትጠይቀኝ» አለችው። ይህን የመሰለ አጭር የትዳር ታሪክ አላነበብኩም።

«በቃ» አለ ተስፋዬ። «ቅዳሜ ሁለቱም ይሄዳሉ። እሺ ማለቴ አይደለም፤ ይሄዳሉ ነው የምለው።» እፎይ ስንል ግን ቀና አለ፤ የፈረቃ ኃላፊ መሆኑ ትዝ ያለው ይመስላል። «ሐጂ፣ የእርስዎ ትንሹ ተከትቧል?»

ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው የማይዘጋጅበት ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። ሐጂ አሰቡ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ባለቤታቸው ጋ ደወሉ። የሴትየዋ ሳቅ ሳሎኑን ሞላው። «ልጅቷን አስከትቤያለሁ! የወንዱን ስጠይቅህ ኢንሻአላህ አላልከኝም?» ሐጂ ስልኩን ወደ ሌላ ጆሯቸው አዛወሩት፣ ከሌላውም ጆሮ ተሰማ። ጋሽ ወልዴ ሳይጠየቁ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ልጁ መከተብ አለመከተቡን እንደማያውቅ፣ እስከ ሃያ ስድስት ዓመት ጊዜ እንዳለው ግን እንደሚያውቅ ነገራቸው። ሁለቱ አዛውንት ተያዩ። ለካስ በየቤቱ አንድ አንድ «እናያለን» ተቀምጦ ኖሯል፤ እኛ የተላክነው ወደ አንዱ ብቻ ነው።

«ያንተስ?» አለኝ ተስፋዬ።

«እኔ ልጅ የለኝም» አልኩ በኩራት።

«ራስህስ?»

ዶሮው ቀረበና ከዚህ ጥያቄ አመለጥኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ የሆነውን ብታዩ! ክሊኒኩ ደጃፍ መኪና በመኪና ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሠርግ ነው ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ሐጂ ታናሹን ልጃቸውን ይዘው፣ ጋሽ ወልዴ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ረጅም ልጃቸውን ይዘው፣ በየነ ደግሞ ከተስፋዬ ሰምቶ ሴትና ወንድ ልጆቹን ይዞ መጣ። በየነ እሁድ ዕለት ስልክ ሲደወልለት ማን ሽማግሌ እንደላከለት ሊገባው አልቻለም፤ እንባው ስለቀደመው ግን አልጠየቀም። መኪናውን ሁለቴ አስተካክሎ ነው ያቆመው። ሦስታችንም ኮት ለብሰናል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የናታን አባት ማነው ብላ ስትጠይቅ አራት ሰው ተነሣ።

እኔም ዕድሉን ልሞክር ብዬ ለራሴ ጠየቅሁ። ነርሷ የትውልድ ዘመኔን ሰማችና ዕድሜዬ ማለፉን ነገረችኝ። በዚህ አገር ዕድሜህ አልፏል የሚባለው በጣም በሚያምር ፈገግታ ነው፤ ልታመሰግኑ ትፈልጋላችሁ።

ሊዲያ ቀደመች። ክንዷን ሰጠች፣ ተወጋች፣ «ዛት ኢዝ ኢት?» አለች፣ ወጣች። ከዚያ ናታን ተቀመጠ። ነርሷ መርፌውን አንሥታ ልትጠጋ ስትል ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘረጉ። ምርቃት ሳይቀድም የሚጀመር ነገር አይሆንላቸውም። ስለ ልጁ፣ ስለሚያገባት ልጅ፣ ስለ ልጅቷ እህት፣ ስለ ነርሷና ስለ ነርሷ ቤተሰብ ጸለዩ። ሐጂ በበኩላቸው ቢስሚላህ ብለው ጀምረው በወሎ ምርቃት ተቀበሉ። ክፍሉም ኮሪደሩም «አሜን» «አሚን» እያለ ያስተጋባል፤ ጉንፋን ይዞት የመጣ አንድ የማናውቀው ፈረንጅም አሜን ብሏል። ነርሷ መርፌዋን ወደ ላይ ይዛ ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ካለቀ በኋላ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። መልካም ሥራ ነው ብለዋል አልኳት። እሷም አሜን አለች።

ተስፋዬ የናታንን ሌላውን እጅ ይዞ ነበር። መርፌው ሲገባ ከልጁ ይልቅ የአባትየው ጣቶች ናቸው የጠበቁት። «አመመህ?» አለው። «ኖት ሪሊ» አለ ናታን፣ ከአባቱ ጭብጥ ውስጥ ጣቶቹን እያላቀቀ። ሰናይት ክንዱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ክብ ፕላስተር በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ ወጣች፤ መኪናው ውስጥ በሩን ዘግታ ጥቂት ቆየች። ስትመለስ ለልጆቹ ሁሉ ብርቱካን አደለች፣ ማንም ስለ ዓይኗ ምንም አላለም።

ሁለቱም ልጆች ተከትበዋል። ሁለተኛው መርፌ በነሐሴ ነው። አፖይንትመንቱን ያስያዘው ተስፋዬ ነው።